የእንጨት ሥራ ቤት ላላችሁ፦ እኚህን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች! የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ቤተሰብ እዚያ የሚሠራላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ።

እኔና ባለቤቴ ኮተቤ አካባቢ የቤት ዕቃ እናመርታለን። በቅርቡ የሰርኩላር መጋዛችን ሞተር ተበላሽቶ አንድ የማሽን ጥገና ባለሙያ ጠራን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሞተሩን ጠግነው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ቆመው ሠራተኞቻችን ልጆቹ ሲሠሩ አዩ። ጠባብ ጣውላ ሲሰነጥቁ የልጆቹ ጣት መጋዙ ጥርስ አጠገብ ሲደርስ ጋሼን አላስቻላቸውም።

ወዲያው ከተራረፈ ኮምፔንሳቶ፣ በእጅ ፈንታ ጣውላ የሚገፋበት መግፊያ ቆርጠው ሠሩልን። ርዝመቱ ከ45 ሳንቲሜትር አያንስም። ጫፉ እንደ ወፍ አፍ ተከፍቶ ጣውላውን ከኋላው ይይዛል። እጀታውን እያንዳንዱን ልጅ እያስጨበጡ አለሰለሱት። ከዚያ ደንብ አወጡ፦ ከ30 ሳንቲሜትር ያጠረ እንጨት፣ የረጅሙም የመጨረሻ 30 ሳንቲሜትር፣ በእጅ አይገፋም። የብሪታንያ የሥራ ደህንነት ተቋምም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ይበልጥ እንዳከብራቸው ያደረገኝ ግን የቀጠለው ነው። አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ይቺ መግፊያ ካለች የመጋዙ ክዳን ይቅር፣ ሥራ ያጓትታል» አላቸው።

«የለም ልጄ። ይቺ እጅህን ታርቅልሃለች እንጂ መጋዙን አትሸፍንልህም። ክዳኑ ከሌለ እኔም የለሁበትም።»

ክዳኑን አስተካክለው መልሰው ገጠሙት። ከመጋዙ ጀርባ የምትቆመውን ብረትም ወደ ጥርሱ አስጠጓት። እሷ ከሌለች የተሰነጠቀው ጣውላ መጋዙን ቆንጥጦ ይይዝና ወደ ሠራተኛው ተስፈንጥሮ ይመጣል። ጠረጴዛውን በመጋዙ ዙሪያ ቀይ ቀቡት። ቀለም ማንንም እንደማያስቆም ራሳቸው ነገሩን፤ ዓይን ለማንቃት ብቻ ነው። ጓንት አጥልቆ መጋዙ ላይ የሚሠራውን ልጅም አስወለቁት። ጥርሱ ጓንቱን ከያዘ እጁንም ጎትቶ ያስገባዋላ!

ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አልጠየቁም፤ የተቀበሉት የሞተሩን ብቻ ነው። በአዋጅ 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነት መጠበቅ የእኛ የአሠሪዎች ግዴታ ነው። እሳቸው ማንም ሳያስገድዳቸው አደረጉት። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የልጆቹ እናቶችም ያመሰግኑዎታል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሲመጡ ደግሞ ሠራተኞቻችሁ ሥራ ላይ ይሁኑ፤ ሰው ሲሠራበት ያላዩትን ማሽን አይነኩም።