«ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት»፦ የትኛውን ሸክላ ልግዛ?

ይህን የእንግሊዙ የሮክ ቡድን የጆይ ዲቪዥን ነጠላ ዜማ በሸክላ ለሚፈልግ ሰው ገበያው በዋናነት አራት ምርጫ ያቀርባል፦ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ባለ 7 ኢንች፣ የዚያው ዓመት ባለ 12 ኢንች፣ በ2020 እንደገና የታተመው ባለ 12 ኢንች፣ እና «ሰብስታንስ» የተባለው የቡድኑ ዘፈኖች ስብስብ። «ክሎዘር» የተሰኘውን የቡድኑን አልበም ገዝቶ ዘፈኑን እዚያ የሚፈልግ እንዳይደክም፤ የለበትም።

ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ተቀድቷል። በጃንዋሪ 1980 እንግሊዝ ውስጥ ኦልደም ከተማ በሚገኘው ፔናይን ስቱዲዮ የቀዱት፣ መድረክ ላይ ይጫወቱት ለነበረው የቀረበ ነው። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስም ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔትም አልረኩበትም፤ በማርች ስቶክፖርት ውስጥ ስትሮውቤሪ ስቱዲዮ ገብተው ደገሙት። ዓለም የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር ከታች ሆኖ መደገፉን ትቶ ሽቅብ ወጥቶ ያዜማል፤ ሲንተሳይዘሩ ዜማውን ተቀብሎ ከፍ ያደርገዋል። ከርቲስ ደግሞ ሳይጮህ፣ በወፍራም ድምፁ ረጋ ብሎ፣ ፍቅር እየቀዘቀዘበት ስላለ ቤት ይዘፍናል። ዜማው እየደለለ ወስዶህ ግጥሙ ያቆስልሃል። ከርቲስ ሜይ 18 ቀን በ23 ዓመቱ አረፈ። ሸክላው በጁን ወጥቶ በብሪታንያ ሰንጠረዥ 13ኛ ደረጃ ደረሰ፤ የዘፈኑ ርዕስም ማክልስፊልድ ባለው መታሰቢያ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል።

ባለ 7 ኢንቹ የሚገዛው ለታሪኩ ነው። ፒተር ሳቪል የሠራው ሽፋን ዘመን የበላው ብረት ይመስላል፣ በእጅ ሲይዙትም ልብ ይነካል። ድምፁ ግን ይጨናነቃል፤ በጀርባው «ዚዝ ዴይስ» እና የፔናይኑ ቅጂ በአንድ ትንሽ ገጽ ላይ ተጣበው ነው ያሉት።

ለጆሮዬ ባለ 12 ኢንቹ ይበልጣል። መርፌው የሚሄድበት መስመር ሰፋ ስለሚል ድራሙ ይተነፍሳል፣ ቤዙም ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ በርናርድ ፒየር ቮልፍ ጄኖቫ መካነ መቃብር ውስጥ ያነሳው የመልአክ ሐውልት አለ። የ1980ውን በደህና ይዞታ ማግኘት ውድ ነው፤ ለመስማት ከሆነ የ2020ውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ዘፈኖቹ እነዚያው ሦስቱ ናቸው፣ ጭረትም የለበትም።

ከቡድኑ ምንም የሌለው ሰው በ2015 የታተመውን «ሰብስታንስ» ይውሰድ። ሁለቱም ቅጂዎች አሉበት፤ «ትራንስሚሽን» እና «አትሞስፊር»ም አብረው ይመጣሉ።

አሮጌውን የሚገዛ ግን ይጠንቀቅ። ነጠላው በ1983 ዳግም ለገበያ ቀርቦ 19ኛ ደረጃ ስለደረሰ፣ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የ1980 አይደለም። ሻጩን በሸክላው መሃል፣ ከወረቀቱ ዙሪያ የተጫረውን የኅትመት መለያ ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት።