«ጤዛ» ወይስ «ላምብ»፦ ለተራ ተመልካች የቱ ይስማማል?
ከተለመደው የፍቅርና የቀልድ ፊልም ወጣ ያለ ድራማ የሚፈልግ ተመልካች በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) እና በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015 እ.ኤ.አ.) መካከል ማመንታቱ አይቀርም።

«ጤዛ» 140 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን የተመለሰውን የአንበርብርን ሕይወት በትዝታ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ ስለሚተርክ፣ በተለይ ጅማሬው ግራ ያጋባል፤ የታገሠውን ግን ይክሳል፤ በእኔ ግምት ከሁለቱ ጠለቅ ያለው እሱ ነው።

«ላምብ» አጭር ነው። እናቱን በሞት ያጣው ኤፍሬም የሚወደውን በግ ከመታረድ ለማዳን የሚያደርገውን ጥረት በቀጥታ ይከተላል። የልጁ ወጥ መሥራት አጎቱን ሲያስቆጣ የሚያሳዩት ትዕይንቶች፣ ፊልሙ አብዝቶ ከሚያስጎበኘን መልክዓ ምድር ይልቅ ልብ ይነካሉ።

ሰፊ ጊዜ ላለውና የአብዮቱን ታሪክ በመጠኑ ለሚያውቅ «ጤዛ» ይሻላል፤ ከሥራ ደክሞ ለገባ «ላምብ» ይቀለዋል።