«ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ ጥንታዊ የስፌት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ጥንታዊ የስፌት መኪና የምትፈልጉ ሁሉ፣ በተለይም ብዙ ሰው የማያውቀውን ዓይነት የምታሳድዱ፣ እባካችሁ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» በሚል ቃል ብቻ ገንዘባችሁን አታውጡ። አቧራ የጠጣ፣ ዘይቱ ደርቆ የተጣበቀ፣ ነገር ግን ዕቃው ያልጎደለ መኪና ትናንት ቀለም ተቀብቶ ከሚያብረቀርቀው እጅግ ይሻላል። ቆሻሻ በትዕግሥት ይለቃል። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ጌጥ ግን አይመለስም፤ የጠፋ መወርወሪያም (የታችኛውን ክር ይዞ የሚመላለሰው ዕቃ) በቀላሉ አይተካም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ የገዛሁት ሲንጀር 12 ነው። «ኒው ፋሚሊ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1865 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገበያ የቀረበ ዓይነት ሲሆን፣ መሠረቱ እንደ ቫዮሊን ገላ ግራና ቀኙ ሰርጎድ ያለ በመሆኑ ከሩቅ ይለያል። ሻጩ መኪናው ተፈትቶ መታጠቡን፣ እንደገና መገጣጠሙንና ያለ እንከን እንደሚሰፋ በጽሑፍ አረጋግጦልኝ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው የአዲስ ቀለም ሽታ ነው። የዘይት ቀዳዳዎቹ በቀለም ተደፍነዋል። የብሎኖቹ ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር በቀለም ተሞልቷል። ቀለም ከላዩ የተረጨበት ብሎን ደግሞ ከቀለሙ በኋላ በካቻቪቴ አልተነካም፤ ስለዚህ «ተፈትቶ ታጥቧል» የተባለው ሐሰት መሆኑን መኪናው ራሱ ይመሰክራል። ይህን ስጠይቀው የመለሰልኝ ቃል «ጥንታዊ ዕቃ ለጌጥ ነው እንጂ ለስፌት አይደለም» የሚል ነበር። ሲሸጥ ይሰፋል፣ ሲጠየቅ ጌጥ ነው!

ስለ ቀለሙ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ጉዳት እዚያ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ጥቁር ልባስ በቆርቆሮ የሚሸጥ ተራ ቀለም አይደለም። ከአስፋልት የተዘጋጀ ቫርኒሽ ብረቱ ላይ ተቀብቶ በምድጃ ሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ ነው። በላዩ ወርቃማው ጌጥ ያርፋል፤ ጌጡን የሚጠብቀው ደግሞ ሼላክ የሚባለው ስስ ሽፋን ነው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። አንድ ሰው «ላጽዳው» ብሎ አልኮል በነከረ ጨርቅ ሲያሸው ሽፋኑ ይነሣል፤ ወርቁ ይደበዝዛል፣ ወይም ከጨርቁ ጋር ይሄዳል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ለዚህ ልባስ ጠላት ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳቱን ለመሸፈን መኪናው ሁሉ ይፋቅና ጥቁር ስፕሬይ ይረጭበታል፤ በስተመጨረሻም አዲስ የታተመ ተለጣፊ ጌጥ ይለጠፍበታል። አሮጌው ጌጥ ምን ይመስል እንደነበር ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሥራ በፎቶግራፍም መለየት ይቻላል። ሲሰፋበት የኖረ መኪና ጨርቅና እጅ ዘወትር የሚነኩት የፊት ጠርዙ ላይ ወርቁ ሳስቶ ይታያል። ጌጡ ከዳር እስከ ዳር እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ የመርፌው ሳህን ኒኬል ተልጦ ወይም ተጭሮ ካያችሁ፣ ሁለቱ አብረው እንዳላረጁ ዕወቁ። ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት አድርጎ ፎቶግራፍ እንዲያነሣላችሁም ጠይቁት፤ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ ብዙ ጊዜ በዙሪያው የስስ ፕላስቲክ ጠርዝ ይታይበታል። ቀለም የታደሰበት መኪና መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። ቀለሙ አዲስ መሆኑን ተናግሮ የሚሸጥ ሰው አከብራለሁ። የምቃወመው አዲሱን ቀለም የፋብሪካው ነው ብሎ የሚሸጠውን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መወርወሪያው ነው። ዛሬ የምናውቃቸው መኪናዎች የታችኛውን ክር በክብ ቦቢን ይይዛሉ። ሲንጀር 12ን የመሰሉት ግን ቀጭንና ረጅም ቦቢን በጀልባ ቅርጽ በተሠራ መወርወሪያ ውስጥ ያስገባሉ፤ መወርወሪያው እየተመላለሰ የላይኛው ክር በሚፈጥረው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። በመርፌውና በመወርወሪያው ጫፍ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። የሌላ ሞዴል መወርወሪያ ከተተካበት ክሩን ይዘለዋል፣ ወይም መርፌውን ይመታል። ለእኔ የመጣው መኪና ውስጥ የነበረው የራሱ አልነበረም፤ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ ሲዞር ግን መንገዱን ይስታል። የሚመላለስበት መንገድም ቀለም ገብቶበታል። መርፌውም ሌላ ጣጣ ነበረው፤ ይህ ሞዴል 12×1 የሚባል የራሱ መርፌ አለው፤ በየሱቁ የሚገኘው የተለመደ የቤት መኪና መርፌ አይተካውም። ሻጩ ያንኑ የተለመደውን መርፌ አስሮበት ነበር።

«ይሰፋል» የሚል ሻጭ ሲሰፋ ያሳያችሁ። የጎን መዘውሩ ሲዞርና መርፌው ሲወጣ ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ምንም አያረጋግጥም፤ ክር የሌለው መኪናም እንዲሁ ያደርጋል። ከላይ አንድ ቀለም፣ ከታች ሌላ ቀለም ክር አድርጎ፣ በድርብ ጨርቅ ላይ ረዘም ያለ መስመር ሰፍቶ፣ ካሜራውን ሳያቋርጥ ጨርቁን ገልብጦ ያሳያችሁ። የመወርወሪያውን፣ የቦቢኑንና የመኪናውን ሆድ ፎቶግራፍ ጠይቁ። ሆዱን ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ ምክንያት አለው።

ዕድሜውንም በመለያ ቁጥሩ እንጂ በአፍ አትቀበሉ። የሲንጀር መለያ ቁጥሮች በፊደል መጀመር የጀመሩት በ1900 ነው፤ በፊደል የሚጀምር ቁጥር ያለውን መኪና «የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። መወርወሪያውን በሚሸፍነው ተንሸራታች ሳህን ላይ የተቀረጹት ዓመተ ምሕረቶችም የፈጠራ መብት የተሰጠባቸው ቀኖች ናቸው እንጂ መኪናው የተሠራበት ዓመት አይደሉም። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ንግግሩን እዚያው አቁሙ።

ስለ ብርቅነት የሚነገረውም ብዙ ነው። በ1950ዎቹ በስኮትላንድ ክላይድባንክ የተሠራው ሲንጀር 222ኬ በእርግጥም ይፈለጋል፤ ከ1933 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን ሲንጀር 221 በ222ኬ ዋጋ የሚሸጡም አሉ። 222ኬ የጠረጴዛው ክፍል ሲነሣ እጅጌ የሚጠለቅበት ቀጭን ክንድ ይቀራል። 221 ላይ ግን የግራው ክፍል ወደ ላይ ይታጠፋል እንጂ እንዲህ ያለ ክንድ አይወጣም። እጅጌ አጥልቀው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል እጅግ ውድ ፈሳሽ አለ የሚለው ተረት ነው። በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ የሲንጀር መኪናዎች ውስጥ ይህ ነገር አለ የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ ሰው ሞባይል ስልኩን ወደ መኪናው እያስጠጋ «ይፈትን» ነበር፤ የመኪናዎቹም ዋጋ ሰማይ ነካ። ፖሊስ ማታለያ መሆኑን ገልጿል። በመርፌው ውስጥም፣ በብረቱ ውስጥም፣ በሞተሩ ውስጥም እንዲህ ያለ ውድ ፈሳሽ የለም። ይህን የሚያነሣ ሻጭ ሊዘርፋችሁ የመጣ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የሽቦውን ልባስ እዩ፤ በዚያ ዘመን የነበረው የላስቲክ ልባስ ሲያረጅ ተሰባብሮ ይረግፋል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ይይዛል፣ እሳትም ያስነሣል። ለ110 ቮልት የተሠራን ሞተር 220 ቮልት ላይ መሰካትም ሞተሩን ማቃጠል ነው። በ1940 ከስዊዘርላንድ የወጣችውን አረንጓዴዋን ኤልና የምትፈልጉ ደግሞ ድምፅዋን አድምጡ። ሞተሯ ኃይል የሚያስተላልፈው በላስቲክ መንኮራኩር ነው፤ ለዓመታት በአንድ ጎኑ ተጭኖ የቆየ ላስቲክ ይደፈጠጥና በዞረ ቁጥር ይንኳኳል። «ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው» ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ ላስቲክ ላይ ዘይት ማድረግ ያንሸራትተዋል።

ሳይነካካ የቆየ መኪና ያገኘ ሰው ሥራው ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። «ተሰብሯል» የተባለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞት ነው። በየዘይት ቀዳዳው ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉ፤ ልባሱ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ። አሳድሩትና የጎን መዘውሩን በቀስታ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙ። ካልሆነ በፀጉር ማድረቂያ ብረቱን ሞቅ አድርጉ። ሲለቅ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ስጡት፤ የምግብ ዘይት ደርቆ መልሶ ያጣብቀዋል። በጉልበት አትሂዱ፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ብሎኖቹን በልኩ በሆነ ካቻቪቴ እንጂ በፒንሳ አትንኩ፤ ሲንጀር የራሱን የብሎን ጥርስ ይጠቀም ስለነበር የተበላሸ ብሎን ከዕቃ መደብር በመጣ አይተካም።

እኔ ጋ ያለው መኪና አሁን ተፈትቶ የመወርወሪያው መንገድ ቀለም በእንጨት ስንጥር እየተነሣለት ነው። ትክክለኛው መወርወሪያ ገና አልተገኘም። ገንዘቡን የመመለሱ ክርክርም አላለቀም፤ ሻጩ በዚያው ቃል ሌሎች መኪናዎችን እያቀረበ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ሥራው ግን ይታወቃል፦ ሞዴላቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ወርቃማ ጌጥ አለ፣ ብሎኖቹ እንደ ገላው ጥቁር ናቸው፣ ፎቶግራፎቹም ሁሉ ከፊት ብቻ የተነሡ ናቸው።