ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን ወይስ ሎሽን? ለደሴ ብርድ የቱ ያዋጣል

ህዳር ሲገባ ጓደኞቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው። "እጄ ተሰነጣጠቀ፣ ምን ልግዛ?" ቡና ስለማፈላ ቀኑን ሙሉ ስኒ ሳጥብ ነው የምውለው፤ ለዚህ መሰለኝ እኔን የሚጠይቁት። መልሴ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ነው።

ከዋጋው ልጀምር። ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው። ጠርሙሱ ስለሚያምር ብዙ የገዛችሁ ይመስላችኋል። ስኒ ስታጥቡ ግን ታጥቦ ይሄዳል፣ እንደገና መቀባት ነው። ቫዝሊን የአተር ፍሬ የምታህል ለሁለቱም እጅ ትበቃለች። ሱቅ ስትገቡ የዕቃውን ቁመት ተዉትና ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉ። ሁለት ባለ 50 ግራም ከአንድ ባለ 100 ግራም ከረከሰ ትንሿን ግዙ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፤ ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ።

ግሊሰሪን ጥሩ ነው፣ ግን አቀባቡን ማወቅ ይፈልጋል። ውሃ የመሳብ ጠባይ አለው። አየሩ ደረቅ ሲሆን የሚስበው ከራሳችሁ ቆዳ ነው። ስለዚህ ንጹሑን ደረቅ እጅ ላይ አትለቅልቁት። በውሃ አቅጥናችሁ እርጥብ እጅ ላይ ቀቡት፣ ከላዩ ቫዝሊን ደርቡበት። የሐረጎን ዳገት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትኖሩ፣ ከኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትሉ ብርዱ ይቀልላችኋል፤ የቀጠነው ግሊሰሪን ብቻውን ሊበቃችሁ ይችላል። እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ግን አይሞከርም።

ቅቤ የምትሉኝም አላችሁ። በዛሬ የቅቤ ዋጋ? ለወጡም አልተረፈ! ደግሞ ስኒው ይሸታል።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴ ከአንድ ሱቅ በቅናሽ ብላ ቫዝሊን አመጣች። ክዳኑ ሲከፈት ሽቶው ቤቱን ሞላው። ከላይ ዘይት ተንሳፏል፣ ከሥሩ ጓጉሏል። ስሙን ብናነበው አንድ ፊደል ጎድሎታል። ስንጥቁ ላይ ስትቀባው አቃጥሎ አስለቀሳት። ልንመልስ ብንሄድ "የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም" ተባልን። እና ሳትከፍሉ በፊት ጽሑፉን ፊደል በፊደል አንብቡ፣ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆንም እዩ። ባለሱቁ ከፈቀደ ትንሽ በጣታችሁ አሹ፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ ተዉት። "ያለሰልሳል፣ ያቀላልም" እየተባለ ያለ ምንም ጽሑፍ የሚሸጠውን ክሬም ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት። እንዲህ ያሉት ውስጥ ቆዳ የሚያሳሳ መድኃኒት የሚቀላቀልበት ጊዜ አለ።

አቀባቡ ቀላል ነው። እጃችሁን እንደታጠባችሁ፣ ገና እርጥበቱ እያለ ቀቡ። ማታ ወፈር አድርጋችሁ የጥጥ ካልሲ አጥልቁበት። ኦሞና በረኪና ስትነኩ ጓንት አድርጉ፤ ከሚያልቀው ቫዝሊን ጓንቱ ይረክሳል።

ተረከዝ እስኪመስል ለጠጠረ እጅ ፋርማሲ ዩሪያ (የጠጠረ ቆዳ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለበት ክሬም ጠይቁ። ከቫዝሊን ይወደዳል፣ ስለዚህ ትንሿን ቱቦ ግዙ። ክፍት ስንጥቅ ላይ ያቃጥላል። እጁ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ብራችሁን ለክሬም አታውጡት፣ ሐኪም ይየው።