ይስሐቅ የት ቀረ? የሴፋሪያ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ግምገማ

በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ውስጥ ተራኪው ከሚናገረው ይልቅ ሳይናገር የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሦስት ቀን ሲጓዝ ምን እንዳሰበ፣ ሣራ ነገሩን ታውቅ እንደ ነበር፣ ይስሐቅም ታስሮ በመሠዊያው ላይ ሲጋደም ምን እንዳለ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 አይነግረንም። ይህን ዝምታ በጥንቃቄ ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩት አንባቢዎች በዚያው ቦታ ላይ ቆመው ምን እንደ ጠየቁ ማወቅ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ሥራ ከሴፋሪያ የተሻለ አገልግሎት እስካሁን አላገኘሁም።

ሴፋሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 በጆሹዋ ፎየርና በብሬት ሎክስፓይዘር የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የኦሪትንና የነቢያትን መጻሕፍት፣ ታልሙድን (የአይሁድ መምህራን የሕግ ክርክርና ትምህርት ስብስብ)፣ ሚድራሽንና (የጥንት መምህራን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ) የመካከለኛውን ዘመን ማብራሪያዎች በድረ ገጽና በስልክ መተግበሪያ ያለ ምንም ክፍያ ያቀርባል። አንባቢው አንድ ቁጥር ሲነካ ያንን ቁጥር የሚያብራሩት ጽሑፎች በየዓይነታቸው ተከፋፍለው በጎን ይከፈቱለታል፤ ከመካከላቸው የመረጠውን ከዋናው ንባብ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይችላል።

የአገልግሎቱን ጥቅም ለመመዘን ከዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 19ን ልውሰድ። ሁለቱ ወደ ተራራው ሲወጡ ትረካው በቁጥር 6ና በቁጥር 8 «ሁለቱም አብረው ሄዱ» ይላል። ሲመለሱ ግን አብርሃም ወደ ብላቴኖቹ፣ ማለት ወደ አገልጋዮቹ፣ እንደ ተመለሰና አብረው ወደ ቤርሳቤህ እንደ ሄዱ ብቻ ይነገራል፤ የይስሐቅ ስም አልተነሣም። ይስሐቅ ከቢላዋ እንደ ዳነ ገና አሁን ያነበበ ሰው ልጁን አብርሃም አጠገብ ሲያጣው መደንገጡ አይቀርም።

ይህንን ቁጥር በሴፋሪያ ሲከፍቱ መልሶቹ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆነው ይመጣሉ። በሬሺት ራባ የተባለው ሚድራሽ ጥያቄውን ራሱ ያነሣና ሁለት መልስ ይሰጣል፦ አንደኛው መምህር አብርሃም ልጁን ኦሪት እንዲማር ወደ ሴም ልኮታል ሲል፣ ሌላው ከክፉ ዓይን ሊጠብቀው በሌሊት ልኮታል ይላል። በዮናታን ስም የሚጠራው ተርጉም (የኦሪት የአራማይክ ትርጉም) ደግሞ መላእክት ወስደው ወደ ሴም ትምህርት ቤት እንዳገቡትና ሦስት ዓመት በዚያ እንደ ቆየ ይተርካል። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ኢብን ዕዝራ ከሁሉም በላይ ቁጥብ ነው፤ ይስሐቅ ያልተጠቀሰው በአባቱ ሥር ስለ ነበር ነው ይልና፣ አብርሃም ልጁን በእርግጥ አርዶት ነበር፣ ይስሐቅ በኋላ ሕያው ሆነ የሚሉትን ከመጽሐፉ ቃል ጋር ይጋጫሉ ብሎ ይቃወማል። ይህ ተቃውሞ ራሱ ብዙ ያስተምራል፤ የትረካው ክፍተት እንዲህ ላለው ንባብ እንኳ በቂ ቦታ እንደ ነበረው ያሳያልና።

ወደ ቁጥር 4 ወጣ ቢሉ ይኸው ኢብን ዕዝራ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ይናገራል። ሣራ በ90 ዓመቷ ወልዳ በ127 ዓመቷ ስለ ሞተች፣ ሞቷም ከዚህ ታሪክ ጋር ስለ ተያያዘ፣ የጥንት ሊቃውንት ይስሐቅ በዚያን ጊዜ የ37 ዓመት ሰው ነበር ይላሉ። ኢብን ዕዝራ ይህ ትውፊት ከሆነ እቀበላለሁ፣ በምርምር ግን አይጸናም ይላል፤ 37 ዓመት የሞላው ሰው በፈቃዱ ታስሮ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ጽድቁን በገለጸ፣ ዋጋውም ከአባቱ ዋጋ እጥፍ በሆነ ነበርና። ስለዚህ 13 ዓመት ገደማ የሆነው፣ አባቱ በግድ ያሰረው ልጅ እንደ ነበር ይደመድማል። ፈቃደኛ ሰማዕት ነው ወይስ የተገደደ ሕፃን? የታሪኩ ትርጉም በሙሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሴፋሪያ ሁለቱንም መልሶች ያቀርባል እንጂ አንዱን መርጦ አይፈርድም። በእኔ ሚዛን ከአገልግሎቱ በጎ ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። «አንድም» እያለ ትርጓሜን በትርጓሜ ላይ የሚደርብ የአንድምታ ጉባኤ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አቀራረብ አይከብደውም።

ጉድለቱ የሚመነጨው ከዚሁ አሠራር ነው። ማብራሪያዎቹ የተሰካኩት ከየቁጥሩ ጋር ስለ ሆነ፣ በአንድ ቁጥር ውስጥ የማይታየውን፣ በብዙ ምዕራፎች ላይ የተዘረጋውን ነገር በጎን የሚከፈተው ክፍል አያሳይም። ይስሐቅ ከዚህ በኋላ በታሪኩ የሚታየው በምዕራፍ 24 ቁጥር 62 ላይ በደቡብ ምድር ተቀምጦ ነው፤ አብርሃም ከተራራው የተመለሰው ወደ ቤርሳቤህ ሲሆን ሣራ የሞተችው በኬብሮን ነው፤ አባትና ልጅ ከመሠዊያው በኋላ አንድ ቃል ሲነጋገሩ አልተጻፈም፤ ይስሐቅ በአባቱ አጠገብ የሚገኘው በምዕራፍ 25 ቁጥር 9 ከእስማኤል ጋር ሊቀብረው ሲመጣ ነው። እነዚህን ነጥቦች አንድ ላይ ያያቸው ሰው አንድ ቤተሰብ እንደ ተበተነ ይሰማዋል፤ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው የሚነካ ሰው ግን በአጠገባቸው ሊያልፍ ይችላል። የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ተርጓሚ ራሺ የሣራ ሞት ከዚህ ታሪክ ቀጥሎ የተጻፈው ልጇ ሊታረድ እንደ ነበር ሰምታ ነፍሷ ስለ ወጣች ነው ሲል ሁለቱን ምዕራፎች ያገናኛል፤ ይህን ለማግኘት ግን ምዕራፍ 23 ቁጥር 2ን መክፈት ያስፈልጋል።

የስብስቡም ክብደት ያለው በጥንቱና በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ላይ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ኤሪክ አወርባክ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ ምዕራፍ ከጥንታዊው የግሪክ ባለ ቅኔ ከሆሜር ትረካ ጋር አነጻጽሮ፣ ሆሜር ሁሉን ነገር በብርሃን ሲያወጣ የዕብራይስጡ ተራኪ ሐሳብንና ስሜትን ሳይገልጽ እንደሚተው አሳይቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥነ ጽሑፋዊ ሂስ የሚፈልግ አንባቢ ከሴፋሪያ ጎን ሌላ መጽሐፍ መያዝ አለበት።

ገጹ የሚሠራው በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከማብራሪያዎቹ ብዙዎቹ በዕብራይስጥ ብቻ ይገኛሉ። ስለዚህ በእስራኤል የሚኖሩ፣ ዕብራይስጥ የሚያነቡ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሁላችን የበለጠ ይጠቀሙበታል። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ራሺና ኢብን ዕዝራ በኦሪት ዘፍጥረት ላይ ስለ ተተረጎሙለት ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ለሁሉም የምመክረው ግን ከምዕራፍ 22 እስከ 25 ድረስ ማብራሪያውን ሳይከፍቱ አንድ ጊዜ በሙሉ እንዲያነቡና የከነከናቸውን ቁጥሮች እንዲመዘግቡ፣ ከዚያም ወደ እነዚያ ቁጥሮች ብቻ ተመልሰው የጎኑን ክፍል እንዲከፍቱ ነው።