የቲቪውን "አዲስ ከተማ" በእግራችሁ ሳትረግጡ ብር እንዳትከፍሉ

ያ ጀመዓ ስሙኝማ፣ ድሬ ያላችሁም ሀረር ያላችሁም፣ ውጪ ሆናችሁ ለእናታችሁ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁም። ያ በየማታው ቲቪ ላይ የሚለቁት ማስታወቂያ አለ አይደል፣ ድሮን ከላይ ሲበር፣ ፎቅ፣ ፏፏቴ፣ ሳይክል የሚነዱ ልጆች፣ አክተሯ ቁልፍ ይዛ "እኔ ቤቴን አገኘሁ፣ እናንተስ?" የምትለው። እኔ 30 ሺ ብር ከፍዬበታለሁ፣ እናንተ አትክፈሉ አቦ።

ከሰዓት በርጫ ላይ ሆነን ነው ያየሁት፣ ምርቃናው ራሱ ግማሹን ከተማ ገነባልኝ። "ነፃ ንግድ ቀጠናው አጠገብ" ይላል፣ ቀጠናው በ2014 ከተከፈተ ወዲህ እኮ ድሬ ላይ የሚሸጥ ነገር ሁሉ እሱ አጠገብ ነው። በነጋታው ቢሮ ሄድኩ፣ ኤሲ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ መስታወት ውስጥ የከተማው ሞዴል። "ካርታ አላችሁ?" አልኳት፣ "አለን" ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ፣ ለካ የጎግል ካርታ ነው፣ እኔም ነቅንቄ ከፈልኩ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልበለው እላለሁ።

ሳይቱን አሳዩኝ ስል "ጉብኝት አልጀመርንም" እያሉ ሁለት ወር አመላለሱኝ። በመጨረሻ ባጃጅ ያለው ጓደኛዬን ይዤ ራሴ ሄድኩ። "ከከተማ 10 ደቂቃ" ያሉት 50 ደቂቃ ፈጀ፣ ከዛ ባጃጁ አሸዋ ውስጥ ተቀበረና በእግር። ግራር፣ ግመል፣ አንድ የብረት ሰሌዳ፣ በቃ። እዛ ግመል የሚያግድ ሽማግሌ አግኝተን ቤት ሊሰራ ነው ስንለው ሳቀ፣ "ውሃው ሲመጣ በየት ሊያልፍ?" አለን።

እዚህ ጋ ነው ያፈርኩት። ቲቪው ላይ ሜዳውን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቀው ነጭ "የእግር መንገድ" የጎርፍ መውረጃ ነው! እኔ ደግሞ ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱ ዳር ያደግኩ ሰው። በ1998 ዝናቡ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ሌሊት የተኛ ሰው ላይ ሲመጣ ነበርኩ፣ ከ200 በላይ ሰው የበላ ጎርፍ ነው፣ ደረቅ አሸዋ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ አይነገረውም። ቲቪ ላይ ሳየው ግን ዛፍ ተክለውበት አማረኝ።

ደረሰኙን ያኔ ነው በደንብ ያነበብኩት። "የፍላጎት ምዝገባ፣ የማይመለስ" ይላል፣ ቤት የሚል ቃል የለውም፣ ካሬ የሚል የለውም። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚፅፍ ሰውዬ አለ፣ አሳየሁት። ወንድሜ፣ አለኝ፣ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው አይሸጥም፣ ቤት የሚሰራው ሰው ቦታውን በሊዝ መያዝ አለበት፣ የሊዝ ውሉን አይተሃል? አላየሁም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ደግሞ በፅሁፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይ ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት፣ ፍትሐብሔር ህግ 1723፣ አንተ የያዝከው ግን የደረሰኝ ቁራጭ ነው። አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ 759/2004 ክልክል ነው ብሎ አፅናናኝና ለማመልከቻው ተቀበለኝ።

የድሬው ከዚራ ሰፈርም እኮ በፕላን የተሰራ አዲስ ከተማ ነበር፣ ግን መጀመሪያ ባቡሩ መጣ፣ በ1895፣ ሀረር ተራራ ላይ መውጣት አቅቶት እዚህ ቆመ፣ ከተማው ባቡሩን ተከትሎ ነው የመጣው። እነዚህ መጀመሪያ ያመጡት አክተሯን ነው።

ደረሰኝ ያላችሁ አትጣሉት፣ ማስታወቂያውንም በስልካችሁ ቀድታችሁ ያዙ፣ በጋራ ልንከስ እየተሰባሰብን ነው። ቶሎ ቅዱ የምለው ባለፈው ሳምንት አዲስ ስለለቀቁ ነው። አሸዋው ተነስቷል፣ ሐይቅ ሆኗል፣ ጀልባም አስገብተውበታል።