ለእያንዳንዱ ሰብስክሪፕሽን የራሱ ቁጥር፦ የካፒታል ዋን ቨርቹዋል ካርድ ሲፈተሽ

ካርድ ጠፍቶ አዲስ ቁጥር ከተሰጠ በኋላም የድሮው ሰብስክሪፕሽን (በየወሩ ወይም በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ የደንበኝነት ክፍያ) ብዙ ጊዜ እንደ ልማዱ ገንዘብ መቁረጡን ይቀጥላል። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ካርዱ ለተመዘገበባቸው ድርጅቶች በራሱ የሚያደርስ አሠራር ስላላቸው ነው። ካርዱን በአፕ መቆለፍም ብዙም አይጠቅምም፤ ቁልፉ አዲስ ግዢን ይከለክላል እንጂ በየወሩ የሚመላለሰውን ክፍያ አብዛኞቹ ባንኮች ያሳልፉታል።

አሜሪካ ውስጥ የካፒታል ዋን ባንክ ክሬዲት ካርድ ላለው ሰው ቨርቹዋል ካርዱ፣ ማለትም ፕላስቲክ የሌለው በቁጥር ብቻ ያለ ካርድ፣ ለዚህ ጣጣ ጥሩ መላ ነው። ተጨማሪ አይከፈልበትም። አፑ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ቨርቹዋል ካርድ ስትከፍቱ የራሱ ባለ 16 አኃዝ ቁጥር፣ የራሱ ማብቂያ ቀንና ባለ 3 አኃዝ ኮድ ይሰጣችኋል፤ ሒሳቡ ግን የሚመጣው ያው በዋናው ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ በሚልከው የሒሳብ ዝርዝር) ላይ ነው። ለአንዱ «ጂም»፣ ለሌላው «ፊልም» ብላችሁ ስም አውጡለት። ስድስት ወር ቆይቶ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ፕላስቲኩ ካርድ ቢጠፋ እንኳ ቨርቹዋሎቹ መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ ሁሉንም ድርጅት እየዞሩ ቁጥር መቀየር ቀረ ማለት ነው። ከአንዱ ድርጅት ጋር ስትለያዩ የእሱን ቁጥር ብቻ ታጠፋላችሁ፤ ሌላው አይነካም።

የማይመችበትም አለ። ሆቴልና የመኪና ኪራይ ላይ አትጠቀሙበት፤ ስትደርሱ ካርዱን አሳዩ ትባላላችሁ፣ የፕላስቲኩ የመጨረሻ 4 አኃዝ ደግሞ ቦታ ከተያዘበት ጋር አይገጥምም። አፕል ላይም ለየሰብስክሪፕሽኑ መለየት አይቻልም፦ በአይፎን በአፕል በኩል የተገዛው ሁሉ ስቴትመንቱ ላይ «አፕል ዶት ኮም ቢል» በሚል አንድ ስም ነው የሚመጣው። አንዱን ለማስቆም ብላችሁ ቁጥሩን ብታጠፉ የአይክላውዱም (የአፕል የፋይል ማከማቻ) ክፍያ አብሮ ይወድቃል። እዚያ የሚያዋጣው ሴቲንግስ፣ ከዚያ ስማችሁ፣ ከዚያ ሰብስክሪፕሽንስ ገብቶ መሰረዝ ነው። ፍሪ ትራያል (ነጻ የሙከራ ጊዜ) ከሆነ ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሙ። አፑን ከስልክ ማጥፋት መሰረዝ አይደለም፤ ወላጆች ስልክ ላይ በብዛት የሚገኘው ስህተት ይሄ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቁጥር መዝጋት ውል ማፍረስ አይደለም። የዓመት ውል ያስፈረመ ጂም ክፍያው ሲመለስበት ዝም አይልም፤ ዕዳ ብሎ ለሰብሳቢ ድርጅት ሊሰጠውና የክሬዲት ሪፖርታችሁ (የብድር ታሪክ መዝገባችሁ) ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ድርጅቱ ዘንድ ሰርዙ፣ የስረዛውን ኢሜይል አስቀምጡ፣ ከዚያ ቁጥሩን አጥፉ።

ከሰረዛችሁ በኋላ ከተቆረጠባችሁ ባንኩ ዘንድ ዲስፒዩት (ክፍያው ልክ አይደለም የሚል አቤቱታ) ክፈቱ። በፌዴራሉ ሕግ የተሳሳተው ሒሳብ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከበት ቀን አንስቶ 60 ቀን አላችሁ። መብታችሁ ሙሉ እንዲሆን በስልክ ከመናገር አልፎ በጽሑፍ ላኩ። ያ የስረዛ ኢሜይል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።